እህል ከመጋዘን እስከ ድስት፦ በደሴና በኮምቦልቻ ቤቶች ስለ ምግብ አቀማመጥና አበሳሰል የቀረበ ጥናታዊ ጽሑፍ

ከደሴ ተነሥቶ የሀረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ለመግባት 25 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ይበቃል። በዚህ አጭር መንገድ ግን ተጓዡ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ደጋ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ወይና ደጋ ይወርዳል፤ ጋቢ ደርቦ የተነሣ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ይይዛል። ለሰው የታወቀው ይህ የአየር ለውጥ በእህልም ላይ እንደዚያው የሚሠራ መሆኑ ብዙ ጊዜ አይታሰብም። በአንድ ቀን ከአንድ መጋዘን የወጣ፣ በአንድ ዓይነት ጆንያ የተሞላ ስንዴ ለሁለቱ ከተሞች ነዋሪዎች ቢታደል በሁለቱ ቤቶች የሚጠብቀው ዕጣ የተለያየ ነው። የደሴው በብርዱ ምክንያት ከነቀዝ ለጊዜው ይድናል፤ ነገር ግን በክረምቱ ጭጋግና ርጥበት ሊሻግት ይችላል። የኮምቦልቻው ቶሎ ይደርቃል፤ ዳሩ ግን ነቀዙ ይቀድመዋል። በምድጃ ላይም ቢሆን ልዩነቱ አይቀርም፤ የደሴ ውሃ ከኮምቦልቻው ባነሰ ሙቀት ይፈላልና።

የእርዳታ ሥራ የሚለካው በኩንታልና በተረጂ ቁጥር ነው። በአገራችን የተለመደው ወርኃዊ ድርሻ ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ግራም እህል፣ 1.5 ኪሎ ግራም ጥራጥሬና ከግማሽ ኪሎ ግራም ትንሽ ያነሰ ዘይት ነው። ተረጂው አሻራውን ካኖረ ወይም ከፈረመ በኋላ በመዝገቡ ላይ ያለው ሒሳብ ይዘጋል። ይሁን እንጂ እህሉ በዚያ ሰዓት ገና ምግብ አልሆነም። ቤት መድረስ፣ ከአይጥና ከነቀዝ መጠበቅ፣ መለቀም፣ መፈጨትና መብሰል ይቀረዋል። ይህ ሁሉ የሚከናወነው በአንዲት የቤት እመቤት እጅ ነው፤ የሚከናወንበትም ውሃ፣ ማገዶና የወፍጮ ገንዘብ በእደላው መዝገብ ላይ አይጻፍም። ወሎ ባለፉት ዓመታት ካየቻቸው የምግብ ጉዳቶች አንዳንዶቹ የደረሱት እህል ጨርሶ በመጥፋቱ ሳይሆን የተገኘው እህል በአግባቡ ባለመመረጡና ባለመዘጋጀቱ መሆኑን ከዚህ በታች የሚቀርቡት ሁኔታዎች ያመለክታሉ።

ነቀዝና ሻጋታ

ነቀዝ እህሉን ከውጭ የሚበላ ይመስላል እንጂ ጉዳቱ የሚጀመረው ከውስጥ ነው። ሴቲቱ ነቀዝ ፍሬውን ቦርቡራ እንቁላልዋን ከጣለች በኋላ ቀዳዳውን ትደፍነዋለች፤ ትሉም በፍሬው ልብ ውስጥ አድጎ ቀዳዳ ሠርቶ ይወጣል። ስለዚህ ዓይን ንጹሕ ነው ያለው ስንዴ አስቀድሞ የተወረረ ሊሆን ይችላል። በሞቃት ስፍራ ይህ ሁሉ ወደ አምስት ሳምንት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ይፈጸማል፤ ሙቀቱ ወደ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ግን የነቀዙ መራባት እጅግ ይዘገያል። በኮምቦልቻ አንድ ወር ተኩል የቆየ ጆንያ ሲፈታ ዱቄት የሚበንበት፣ በደሴ ግን ያው እህል ደኅና ሆኖ የሚገኝበት ምክንያት ይኸው ነው። የቤት እመቤቶች ግድየለሽነት ነው የሚለው አስተያየት በየስብሰባው ቢሰማም ነገሩን አያስረዳም።

የወሎ ገበሬ ይህን የሚያውቀው ከጥንት ጀምሮ ነው። በጭቃና በእበት የተመረገ ጎተራ፣ በቤት ውስጥ የሚቆም ጎታና ዲብኝት፣ በቆላው ደግሞ ለማሽላ የሚቆፈር ጉድጓድ ሁሉም እንደ አገሩ አየር የተፈጠሩ ናቸው። ጤፍ በፍሬው ደቃቅነት ምክንያት ነቀዝ አይደፍረውም፤ በመሆኑም ጤፍን ከባቄላ ወይም ከማሽላ ጋር ቀላቅሎ በማስቀመጥ በትላልቆቹ ፍሬዎች መካከል ያለውን ክፍተት መሙላትና ነቀዙን መተንፈሻና መንቀሳቀሻ ማሳጣት የቆየ ብልኀት ነው። የተነፋ አመድ መቀላቀልም እንዲሁ ይረዳል። ችግሩ የመጣው ሰው ከነዚህ ዕቃዎች ሲለይ ነው። ከመኖሪያው ተፈናቅሎ በከተማ ዳር ባንዲት ክፍል የተጠለለ ቤተሰብ ጎተራ የለውም፤ ያለው የተሰጠው የፕላስቲክ ጆንያ ብቻ ነው። ጆንያውም ብዙውን ጊዜ ከመሬት ላይ፣ ከግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጣል።

በዚህ ረገድ ሊደረግ የሚችለው ቀላል ነገር ነው። ጆንያው ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ርብራብ ወይም በድንጋይ ላይ በተኛ ሳንቃ ላይ ይቀመጥ፤ ከግድግዳውም አንድ ክንድ ያህል ይራቅ። በየሁለት ሳምንቱ እህሉ ፀሐይ ላይ በስሱ ተሰጥቶ ይነፋ። ከተቻለ በሦስት ንብርብር የተሠራውንና በቅርብ ዓመታት በየገበያው የሚታየውን አየር የማያስገባ ከረጢት መጠቀም ይበጃል፤ አፉ ጠብቆ ሲታሰር ነቀዙ በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ራሱ ጨርሶ ታፍኖ ይሞታል። ይህ ከረጢት ግን ለደረቀ እህል ብቻ የሚያገለግል ነው፤ ርጥብ እህል ቢታሸግበት ሻጋታን ማርባት ይሆናል።

ደረቅና ርጥቡን እህል ለመለየት የመለኪያ መሣሪያ በየቀበሌው አይገኝም። በገጠር ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞች የሚያገለግል አንድ ዘዴ አለ። በደንብ በደረቀ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ እህል እስከ ሲሶው ድረስ ይጨመራል፤ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ የደረቀ ደቃቅ ጨው ይታከልበታል፤ አፉ ተከድኖ አንድ ደቂቃ ያህል ከተናጠ በኋላ ሩብ ሰዓት ይቀመጣል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ የእህሉ ርጥበት ከመቶ 15 በላይ ስለሆነ ለማስቀመጥ አይበቃም። ጨው ሳይጣበቅ ከታች ከወረደ ግን ለማስቀመጥ ይሆናል፤ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ስንዴና በቆሎ ወደ 13 ከመቶ ወይም ከዚያ በታች ቢወርድ ይመረጣል። አንድ የእደላ ሠራተኛ ይህን ሙከራ በሕዝብ ፊት አንድ ጊዜ ቢያደርገው ከረጅም ንግግር ይልቅ የሚታወስ ነው።

ርጥበቱ ከየት ይመጣል ቢባል ዝናብ ብቻ ምክንያት አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከአሰብ ወደብ የተጫነው እህል በሚሌና በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይደርስ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የሚመጣው ከጂቡቲ ነው። በሁለቱም መንገድ እህሉ ከባሕር ዳርቻ ሙቀት ወደ ደጋ ብርድ ይገባል። የሞቀ እህል በቀዝቃዛ ሸራ ሥር ሲያድር ላብ ያወጣል፤ የላይኛው ጆንያም ሳይዘንብበት ይርሳል። በመጋዘን አስተዳደር ላይ ያሉ ሠራተኞች ይህን ስለሚያውቁ ቁልሉን ያናፍሱታል፤ ከመጋዘን ወጥቶ በሰው ቤት ያደረውን ግን የሚያናፍስለት የለም።

ሻጋታ የነካው እህል ጉዳቱ ሽታው ብቻ አይደለም። አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ በበቆሎ፣ በለውዝና በበርበሬ ላይ በሚበቅል ሻጋታ የሚፈጠር ሲሆን ጉበትን ይጎዳል። በተለመደው የቤት ማብሰያ ሙቀትም ጨርሶ አይጠፋም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ በሽሮና በተፈጨ በርበሬ ላይ በተደረገ ምርመራ ይህ መርዝ መገኘቱ ታትሟል። ስለዚህ የሻገተ በቆሎ አጥቦና አድርቆ ማስፈጨት ቆሻሻውን ከዓይን መሰወር ነው እንጂ መርዙን ማስወገድ አይደለም። ቀለሙ የተለወጠ፣ የተሸበሸበና የተሰበረ ፍሬ በእጅ ተለቅሞ መጣል አለበት። ለከብትም መስጠት አይገባም፤ መርዙ በወተት በኩል ወደ ሕፃኑ ይመለሳልና።

ስለ መድኀኒት አንድ ቃል ማስገባት ግድ ይሆናል። አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለው የነቀዝ ክኒን ከአየሩ ርጥበት ጋር ሲገናኝ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ለታሸገ መጋዘን የተሠራውን ይህን ነገር ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ በጆንያ ከትቶ ማደር ነቀዙንም ባለቤቱንም በአንድ ሌሊት የሚያጠፋ ተግባር ነው። የተባይ መድኀኒት የነበረበት ጀሪካንም ምን ያህል ቢታጠብ ለውሃና ለዘይት መያዣ አይሆንም፤ ተቀድዶ መቀበር ይኖርበታል።

ቀለም የተቀባ ዘር

በድርቅ ማግሥት ከምግብ እህል ጋር የዘር እህልም ይታደላል። ዘሩ ከፈንገስና ከተባይ እንዲጠበቅ መድኀኒት ይቀባል፤ እንዲለይም ቀለም ይደረግበታል። የተራበ ቤተሰብ በእጁ ያለው ዘር ለመዝሪያው ወር እስኪደርስ ሊጠብቅ አይችል ይሆናል። ይህ ነገር ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል የኢራቅ ሁኔታ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1971 ከውጭ የመጣና ሜርኩሪ ያለበት መድኀኒት የተቀባ የስንዴና የገብስ ዘር ለኢራቅ ገበሬዎች ታደለ። ዘሩ ዘግይቶ በመድረሱ ብዙዎቹ ዘርተው ጨርሰው ነበር። በጆንያው ላይ የተጻፈውም ማስጠንቀቂያ በማያውቁት የባዕድ ቋንቋ ነበር። ገበሬዎቹ ዘሩን ሲያጥቡት ቀይ ቀለሙ ስለለቀቀ መርዙም አብሮ የለቀቀ መሰላቸው፤ ፈጭተውም ዳቦ ጋገሩት። በሆስፒታል ከተመዘገቡት 6,530 ሕሙማን 459ኙ ሞቱ።

ከዚህ ሁኔታ የሚገኘው ትምህርት ለገበሬው ሳይሆን ለአዳዩ ነው። የዘር እህል ከምግብ እህል ጋር በአንድ ቀንና በአንድ ስፍራ አይታደል፤ ምግቡ አስቀድሞ፣ በቂም ሆኖ ይድረስ፤ ዘሩም በወቅቱ ይምጣ። ማስጠንቀቂያውም በአማርኛ፣ እንደ አካባቢውም በኦሮምኛ ወይም በአፋርኛ በቃል ይነገር፤ በጆንያ ላይ የሚታተም ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ሰው ጌጥ ነው።

በ1970 ዓ.ም. በወሎ የታየው የእግርና የእጅ መበስበስ

በ1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978) በወሎ ገጠር የሰዎች የእግርና የእጅ ጣት እየጠቆረና እየደረቀ የሚበሰብስበት በሽታ ተነሥቶ ነበር። መንሥኤው ተላላፊ በሽታ ሳይሆን ኤርጎት የተባለው ፈንገስ ሆኖ ተገኘ። ይህ ፈንገስ በገብስ ማሳ ውስጥ በሚበቅለው ሲናር ራስ ላይ በፍሬው ፋንታ ጥቁር ወይም ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ የአይጥ ፋንድያ የመሰለ ጠንካራ ነገር ያበቅላል። እህሉ ሳይለቀም ሲፈጭ አብሮ ይፈጫል፤ መርዙም የደም ሥሮችን አጥብቦ ደም ወደ እጅና ወደ እግር እንዳይደርስ ያደርጋል። ብዙ ሰው ሞተ፤ ከሞት የተረፉት አንዳንዶቹም እግራቸውን አጡ። ተመሳሳይ በሽታ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ በአርሲ ገብስ በሚበላበት ስፍራ ዳግመኛ ታይቷል።

በደኅና ዘመን የወሎ ባላገር ሲናርን ከገብስ ለይቶ ያወጣዋል። በእንክርዳድም ላይ እንዲሁ ይጠነቀቃል፤ እንክርዳድ የበዛበት እንጀራ የበላ ሰው ራሱን ሲያዞረውና እንደ ሰካራም ሲያንገዳግደው ያልታየበት መንደር ጥቂት ነው። በረኀብ ጊዜ ግን ለቀማው ይቀራል። የሚለቀመው ሁሉ ከስፍሩ የሚጎድል ስለሆነ እናት እጇ ይሳሳል። ለልጆቿ ከቀረው አንድ ቁና እህል ላይ አንድ እፍኝ አውጥቶ መጣል ቀላል ውሳኔ አለመሆኑን ምክር ሰጪው አስቀድሞ ሊረዳ ይገባዋል።

ጥርጣሬ ያለበትን እህል በጨው ውሃ መለየት ይቻላል። ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ጨው በሆነበት ውሃ ውስጥ እህሉ ሲጨመር ጤናማው ፍሬ ይዘቅጣል፤ ጥቁሩ ነገርና ቀላሉ ገለባ ይንሳፈፋል፤ ተንሳፋፊው ተገፍፎ ይጣልና እህሉ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በፀሐይ ይደርቃል። ጨው በተወደደበትና ውሃ በጠፋበት ስፍራ ግን ሰፌድና ዓይን ከዚህ የተሻሉ ናቸው። በምጣድ ላይ መጋገር ይህንንም መርዝ ፈጽሞ አያጠፋውም።

ጓያ

ከሁሉ የሚከብደውና ዛሬም ያልተዘጋው ጉዳይ የጓያ ነው። ጓያ ድርቅን ይችላል፤ ውሃ በሚተኛበት ጥቁር መሬት ላይም ይበቅላል፤ ሌላው ሰብል ሲከሽፍ እሱ ይተርፋል። በገበያ ዋጋው ርካሽ በመሆኑ የድኻ ሽሮ የሚሆነው እርሱ ነው፤ በደሴና በኮምቦልቻ ከተማ ውስጥም ከአተርና ከሽንብራ ጋር ተቀላቅሎ ይፈጫል። በፕሮቲን ሀብታም ነው። በጥቂቱ፣ ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ የሚበላ ከሆነ የሚያመጣው ጉዳት አይታይም። ነገር ግን ሌላ ምግብ ጠፍቶ ለሁለትና ለሦስት ወር በዋናነት እርሱ ብቻ ሲበላ በውስጡ ያለው ኦዳፕ የተባለ መርዝ እግርን የሚያዝዙትን ነርቮች ይጎዳል። ሰውዬው አንድ ቀን ከመኝታው ሲነሣ ወይም ከእርሻ ሲመለስ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ እግሮቹ እንደ መቀስ እየተጠላለፉ በጣቶቹ ጫፍ መራመድ ይጀምራል። ሕመም የለውም፤ አእምሮውም ጤነኛ ነው። መዳኛ መድኀኒት ግን የለውም። በበሽታው አብዝተው የሚጠቁትም ወጣት ወንዶች፣ ማለትም የቤቱን እርሻ የሚያርሱት ናቸው።

ከ1987 እስከ 1991 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት (እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1999) በጊዜው ደላንታ ዳውንት ይባል በነበረው ወረዳ ይህ በሽታ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ ብዙ ሰዎችን አሽመደመደ። ወረዳው በዚያን ጊዜ በሰሜን ወሎ ሥር ነበረ፤ በኋላ ተከፍሎ ደላንታ በደቡብ ወሎ ውስጥ ይገኛል። በስፍራው የተደረገው ምርመራ ለእርዳታ ሠራተኛ ከፍ ያለ ዋጋ አለው፤ ጥያቄው ጓያ በላችሁ ወይስ አልበላችሁም የሚል ብቻ አልነበረምና፤ እንዴት አዘጋጅታችሁ በላችሁ የሚልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው በሽታው የጸናው ጓያውን በንፍሮ መልክና ገና ሳይበስል በእሸትነቱ ጥሬውን በበሉት ላይ ነበር። በእንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ የበሉት ግን ይህን ያህል አልተጎዱም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የመሰሉ ቅመሞች ከገቡበት ወጥ ጋር መብላት፣ ጓያውንም ከእህል ጋር ቀላቅሎ ማዘጋጀት የጉዳቱን ዕድል በብዙ የሚቀንስ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህን ውጤት ከቤተሰቡ ኑሮ ጋር አስተያይቶ ማንበብ ያስፈልጋል። ንፍሮ የሚበላው ማን ነው? ለወፍጮ የሚከፍለው የሌለው፣ ሊጥ አቡክቶ ሦስት ቀን የሚጠብቅበት ፋታ ያጣ፣ ምጣድ የሚያሰማበት ማገዶ ያላገኘ ነው። እሸቱን ከማሳው ላይ ጥሬውን የሚቅመው ደግሞ ሲያርስና ከብት ሲጠብቅ የሚውለው ጎረምሳ ነው። ስለዚህ ጓያ አትብሉ ብሎ ማዘዝ ምንም አይፈይድም፤ አማራጭ ቢኖረው ኖሮ ቀድሞውንም አይበላውም ነበር። የሚፈይደው የእህል እርዳታው ቤተሰቡ ወደ ጓያ ብቻ ከመውረዱ በፊት መድረሱ ነው። ስንዴው ወይም ማሽላው ጓያውን ባይተካ እንኳ ቢቀላቀልበት እግር ያተርፋል። የጥናቱም ዋና ሐሳብ ይኸው ነው። ዘግይቶ የደረሰ ኩንታል ሆድ ሊሞላ ይችላል፤ የተሽመደመደውን ግን አያስነሣም።

በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባው እንዲህ ነው። ጓያው በፈላ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ከቆየ በኋላ ውሃው ይደፋል፤ ከተቻለም ይህ ሁለት ጊዜ ይደጋገማል። መርዙ በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ከውሃው ጋር አብዛኛው ይወጣል። የተዘፈዘፈበትን ውሃ ለወጥ ወይም ለሾርባ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም። ከዚያ በኋላ ከሌላ እህል ጋር፣ ለአንድ እጅ ጓያ ሦስት እጅ እህል ያህል ተቀላቅሎ ይፈጫል፤ እንዲቦካም ይደረጋል። እዚህ ላይ ያለው እንቅፋት ግልጽ ነው፤ በድርቅ ዘመን ከሩቅ ምንጭ በጀርባ የመጣን ውሃ ሁለት ጊዜ አፍልቶ ድፉ ማለት ነው። በመሆኑም ጓያ በሚበላበት ወረዳ የውሃ ቦቴ መላክ የመጠጥ ውሃ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መቆጠር የለበትም።

እሳት፣ ውሃና ከፍታ

በደሴ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ፣ በኮምቦልቻ ደግሞ በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ሙቀት የበሽታ ተሕዋስያንን ለመግደል የሚበቃ ነው፤ ነገር ግን ጊዜ ይፈልጋል። የመጠጥ ውሃ ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ስፍራ ከተንፈቀፈቀ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ ባለው ስፍራ ሦስት ደቂቃ እንዲፈላ ይመከራል። ስለዚህ ለኮምቦልቻ የተሰጠው ምክር ለደሴ አይበቃም፤ ለሁለቱም በአንድ ወረቀት የሚታተም መመሪያ የደሴውን ልክ ቢይዝ ይሻላል።

በጥራጥሬ ላይ ልዩነቱ ይብሳል። ባቄላና አተር በደሴ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜና ተጨማሪ ማገዶ ይወስዳሉ። ሌሊቱን ማሳደር ይህን ወጪ በብዙ ይቀንሳል። ቦሎቄ፣ ይልቁንም ቀዩ፣ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። በውስጡ ያለው መርዛም ነገር የሚጠፋው በብርቱ መንፈቅፈቅ ከአሥር ደቂቃ በላይ ሲፈላ ነው፤ በለዘብተኛ ሙቀት ተሞቆ ሳይበስል የቀረ ቦሎቄ ከጥሬው የባሰ ማስታወክና ተቅማጥ ያመጣል። ለሚታደለው ሕዝብ ያልተለመደ ጥራጥሬ ሲመጣ አበሳሰሉን ሳያሳዩ ማደል የተጀመረን ሥራ በግማሽ መተው ነው። በርግጥ ጎረቤት ለጎረቤት ያስተምራል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት የታመመው ልጅ የሚታከምበት ገንዘብ ከየት ይመጣል?

የጋራ ማብሰያ የሚቋቋምበት ጊዜም አለ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጦርነቱን ሽሽት ከሰሜን ወሎ የመጡ ተፈናቃዮች በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር። እንዲህ ባለ ሁኔታ በትልልቅ ድስት የበሰለ ወጥና ቅንጬ ከላይ የቀዘቀዘ ቢመስልም መሐሉ ለሰዓታት ለብ ብሎ ይቆያል። ተሕዋስያን የሚራቡት በዚህ ለብታ ውስጥ ነው። የበሰለ ምግብ ትኩስ እንዳለ ይበላ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ በትናንሽ ዕቃ ተከፍሎ ይቀዝቅዝ፤ ሲበላም እስኪንፈቀፈቅ ይሞቅ። የሕፃናት አልሚ ዱቄት ገንፎ ደግሞ ለአንድ ጊዜ የሚበቃው ብቻ ይገነፋ፤ የተረፈው ለልጁ አይደር። ከሁሉ በፊት ግን ለእጅ መታጠቢያ የሚሆን ውሃና ሳሙና ከድስቱ አጠገብ መኖር አለበት።

እንጀራ በኮምቦልቻ ሙቀት በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይሻግታል። የሻገተውን ጥግ ቆርሶ ቀሪውን መብላት የተለመደ ቢሆንም የሻጋታው ሥር ከሚታየው በላይ ስለሚዘልቅ አይመከርም። ጋግሮ ከማሻገት ይልቅ ትኩሱን ቆራርጦ በፀሐይ ማድረቅና ድርቆሽ ማድረግ አባቶች ለስንቅ የተጠቀሙበት፣ ዛሬም የማያሳፍር ዘዴ ነው። ሥጋም ቋንጣ ሲሆን በስሱ ይዘልዘል፤ ወፍሮ የተዘለዘለ ውጭው ደርቆ ውስጡ ይሸታል። የታደለው ዘይት ቫይታሚን የተጨመረበት በመሆኑ በጥላ ስፍራ ተከድኖ ይቀመጥ፤ በመስኮት ላይ በብርሃን የሚያንጸባርቅ ጠርሙስ ውበቱን እንጂ ቫይታሚኑን አይጠብቅም።

የቦርከና ወንዝ ከደሴ ወርዶ በኮምቦልቻ በኩል ያልፋል፤ የላዩን ከተማ እድፍና የታችኛውን ከተማ የፋብሪካ ፍሳሽ ይዞ ይሄዳል። በዳሩ በመስኖ የሚለማ ሰላጣና ቲማቲም በዚያው ውሃ ታጥቦ ወደ ገበያ ቢመጣ ንጹሕ ሊባል አይችልም። ማፍላት የሆድ በሽታውን ያስወግዳል፤ የፋብሪካውን ፍሳሽ ግን ምንም ዓይነት ማፍላት አያወጣውም።

የሞተ ከብት ሥጋ

ድርቅ ሲጠና ከብት ይሞታል። በድንገት የሞተ፣ ሆዱ ቶሎ የተነፋ፣ ከአፍንጫውና ከኋላው የማይረጋ ጥቁር ደም የወጣው ከብት በአባ ሰንጋ የሞተ መሆኑ ሊጠረጠር ይገባል። እንዲህ ያለውን በድን መቅደድ ተሕዋስያኑን ለአየር ያጋልጣቸዋል፤ ለአየር ሲጋለጡም በአፈር ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሚቆይ ጠንካራ ዘር ይሆናሉ። በቤት ውስጥ ምግብ ማብሰያ ሙቀት ሁሉንም ለመግደል አይታመንበትም፤ የሚጎዳውም የበላው ብቻ ሳይሆን የገፈፈውና ቆዳውን የተሸከመው ጭምር ነው። በድኑ ሳይከፈት በጥልቅ ጉድጓድ መቀበር ወይም መቃጠል አለበት። ነገር ግን አንድ በሬ ብቻ የነበረው ገበሬ የበሬውን ሥጋና ቆዳ ቅበር ሲባል ከመጨረሻው ጥሪቱ ተለይ መባሉ ነው። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሙ ትእዛዝ ከእህል ድርሻ ጋር ካልተያያዘ በሌሊት የሚጣስ ትእዛዝ ይሆናል። ከብቱ ከመክሳቱ በፊት ሸጦ እህል መግዛት የሚቻልበትን ገበያ ማመቻቸት ከሁሉ ይበልጣል።

በሰፈራ ስፍራ

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በተካሄደው ሰፈራ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጋምቤላና ወደ ጎጃም መተከል ተወስዷል፤ ከነዚህም ከግማሽ የሚበልጠው የወሎ ሰው ነበር። ሰፋሪው የሄደው ከደረቅ ደጋ ወደ ርጥብ ቆላ ነው። ገብስና ጤፍ ማስቀመጥ የሚያውቅ እጅ ዝናብ በማይለየው አገር በቆሎ ማስቀመጥ ግድ ሆነበት፤ የወሎው ጉድጓድም በዚያ ውሃ ይቋጥራል። ጎደሬ የተባለው ሥራሥር ደግሞ ለብዙዎቹ አዲስ ነበር። ጎደሬ በደንብ ሳይበስል ሲበላ በውስጡ ባሉት መርፌ መሰል ደቃቅ ነገሮች አፍና ጉሮሮን ያቃጥላል፤ ተልጦ፣ ተቆራርጦ፣ ውሃው እየተለወጠ እስኪለሰልስ መቀቀል ይኖርበታል። ያገሩ ሰው ይህን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ሰፋሪው ግን ከነባሩ ጋር ተቀምጦ እስኪማር ድረስ የተሰጠውን ምግብ በጥርጣሬ ማየቱ የሚያስወቅሰው አልነበረም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል ውስጥ ወደ መተማና ወደ ቋራ በተደረገው ሰፈራም የሙቀቱና የነቀዙ ጥያቄ በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል፤ ከደጋ የሄደ ሰው በቆላው ማሽላውን በጆንያ ሲያስቀምጥ በአንድ ክረምት ነቀዝ ይጨርስበታል። ከእደላው ጋር አንዲት የአካባቢው ባለሙያ ሴት በየጣቢያው ተቀጥራ ምድጃ አጠገብ ቆማ ብታሳይ የሚያስወጣው ደመወዝ የጥቂት ኩንታል ዋጋ ነው።

በደሴና በኮምቦልቻ የእደላ ጣቢያዎች ለሚሠሩ ሠራተኞች ከዚህ ሁሉ በላይ በእደላው ዕለት ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ቤተሰቡ እህሉን የሚያስፈጨው በምን ገንዘብ ነው? ብዙ ጊዜ የወፍጮው ዋጋ የሚከፈለው ከዚያው ከታደለው ስንዴ ላይ ተሸጦ ነው፤ ያም ካልሆነ ስንዴው በንፍሮና በቆሎ መልክ ይበላል፤ ጥርስ ላልነበራቸው ሽማግሌዎችና ለሕፃናትም አይሆንም። ማገዶውስ ከየት ይመጣል? ምጣድና ድስት ይዘው የመጡት ስንቶቹ ናቸው? ጓያ በቤት ውስጥ አለ ወይ፣ ካለስ ከስንት ወር ጀምሮ ይበላል? ለመጨረሻው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሁለት ወር ወይም ከዚያ በላይ የሆነባቸው ቤቶች ስም ለብቻው ተጽፎ የወሩ እደላ ከነርሱ እንዲጀምር፣ የወረዳው ጤና ጣቢያም በዚያው ዕለት እንዲያውቀው ይደረግ።